ውኃ ጨላፊውና መምህር ፔኒያሚና

እኔ ባለሁበት ፔኒያሚናን ማማት አይቻልም። አፍ አስዘጋለሁ፤ ካልሆነም ተነስቼ እሄዳለሁ። የመንደሩ ወጣቶች ይህን ሲያዩ «መምህርት ሲኤኒ የባልደረባዋን ክብር የምትጠብቅ ሴት ናት» ይላሉ። ትልልቆቹ ግን አቀርቅረው ዝም ይላሉ። ስለ ፔኒያሚና ከተወራው ሁሉ የከፋውን ያወራሁት እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉና።

እሱ ታሪክና የጥንት ግጥም ነበር የሚያስተምረው፤ እኔ ደግሞ ሒሳብ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሁለታችንን ክፍል የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነበር፤ እሱም ቢሆን ጣራው ጋ አይደርስም። ሳቫኢ ደሴት ላይ ካሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደኛው የሚያፈስ ጣራና እንደኛው ድምፅ የሚያሳልፍ ግድግዳ ያለው አልነበረም። ስለዚህ የኔ ልጆች ማካፈል ሲማሩ የቅድመ አያቶቻቸውን ጦርነትም በነፃ ተምረው ወጡ። እኔም ሳልፈልግ ተማርኩ። አሁን ድረስ ስሌት ስሠራ ከንፈሬ የሰባቱን ታንኳዎች ዜማ ያንጎራጉራል።

ፔኒያሚና ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጡ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበር። ጠመኔውን ወገቡ ላይ ሽርጡ ውስጥ ይሸጉጥና ይረሳዋል፤ ከዚያ ሲቀመጥ ይሰበራል፤ ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል።

«ሲኤኒ፣ አንድ ጠመኔ አበድሪኝ።»

«ትናንት የሰጠሁህስ?»

«ተቀመጥኩበት።»

«አንተን ያገባች ሴት እንቁላል አታሳድር!»

ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነበር የሚኖረው። ይህን እያወቅኩ እንደዚያ እለው ነበር። አፌ እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ ይናገራል፣ እኔ በኋላ እደርስበታለሁ።

አባቱ የመንደራችን ሸንጎ አፈ ጉባኤ ነበሩ። በረጅሙ በትራቸው ተደግፈው፣ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲናገሩ ከባሕሩ ማዶ ይሰማሉ ይባልላቸው ነበር። ሲሞቱ በትሩ ለልጃቸው ለፔኒያሚና ሊተላለፍ ሸንጎው ተሰበሰበ። እናቱ ለዚያች ቀን ብላ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችው ምንጣፍ ነበር። ቅጠል እንደ ክር ተሰንጥቆ፣ እንደ ሐር እስኪለሰልስ ድረስ የተሠራ፣ ሹመት በሚመጣበት ቤት ብቻ የሚዘረጋ ዓይነት ነው። ፔኒያሚና ተነሳ። አፉን ከፈተ። «እ... እ... እ...» አለ። ሽማግሌ ፊት ሲቆም ምላሱ ይታሰራል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያው ነበር። አንድ ሰው ኮኮናት ቀዶ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ «እ...» ሲል ቆየና ተቀመጠ። በትሩና ጭራው ለአጎቱ ልጅ ተሰጡ። ምንጣፉ ሳይዘረጋ ተጠቅልሎ ወደ ጣራው እንጨት ተመለሰ።

ልጆች ፊት ግን! እኔ በግድግዳው በኩል የሰማሁትን ሸንጎው ቢሰማ በትሩን ለምኖ ይሰጠው ነበር። የዛሬ ልጆች የድሮ ነገር ሲባል ማዛጋት ይወዳሉ። አንዱ ጎረምሳ አንድ ቀን «መምህር፣ ኒውዚላንድ ፋብሪካ ስገባ የሰባቱን ታንኳዎች ማን ይጠይቀኛል?» አለው። ፔኒያሚናም «ማንም አይጠይቅህም። አንደኛዋ ታንኳ ላይ የነበረው ሰውዬም እንዳንተ ቀበጥባጣ ነበር፤ እሱንም ማንም አልጠየቀውም፤ እስኪ ምን እንደደረሰበት ልንገርህ» ብሎ ጀመረ። የምሳ ደወል ሲደወል ያ ጎረምሳ አልወጣ አለ።

የሰባቱ ታንኳዎች ዜማ የመጀመሪያዎቹ ሰዎቻችን ወደዚህ ባሕር ዳር የመጡበት ታሪክ ነው። ማዕበል ሲነሳ የመጀመሪያዋ ታንኳ አለቃ ራሱን ለማዳን ሲል ታናሽ ወንድሙ ያለበትን የሰባተኛዋን ታንኳ ገመድ ይቆርጣል። ወንድሙ ይጠፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ አለቃው ጎህ ሲቀድ ወደ ሟቹ ቤተሰብ ደጅ ሄዶ፣ ራሱ ላይ ምንጣፍ ተከናንቦ መሬት ላይ ይቀመጣል። ዛሬም የበደለ ሰው በዚሁ ሥርዓት ይሰግዳል። የተበደለው ወገን ምንጣፉን ካነሳለት ምሕረት ነው፤ ካላነሳለት እንደተቀመጠ ይቀራል፤ ቤተሰቡ ገጀራ ይዞ ቢወጣም አይከላከልም።

ፔኒያሚና ይህን ሲያስተምር ልጆቹን ሜዳው ላይ በሰባት መስመር ያስቀምጣቸዋል። መጥረጊያ ለመቅዘፊያ ያስይዛቸውና «ማዕበል!» እያለ በባልዲ ውኃ ይደፋባቸዋል። ዳይሬክተራችን በልጆቹ ልብስ እርጥበት ምክንያት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎበታል። በዚያ ዜማ ላይ ግን ከዋና ከተማችን ከአፒያ በታሸገ ፖስታ የሚመጣውን አገር አቀፍ ፈተና የኛ ልጆች የማይመልሱበት ዓመት አልነበረም።

አንድ የሚወዳት ጥያቄ ነበረችው፤ በየዓመቱ ይጠይቃታል። «ከምንጣፉ ሥር በተቀመጠው ሰው ልብ ውስጥ ምን አለ?» መልሱ «ፍርሃት» ነው፤ ሞትን መፍራት። ያን ዓመት ፉአቲኖ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ገጀራውን አይፈራም። ማን እያየው እንደሆነ ማየት ስለማይችል ያፍራል።» ፔኒያሚና ከአሥር ሁለት ሰጣትና በቀይ «ሞት ያለበት ቦታ ላይ ሐፍረት ትዝ አይልም፤ ዜማውን ደግመሽ አንብቢ» ብሎ ጻፈባት። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ እኔ ጋ መጣች።

«መምህርት ሲኤኒ፣ ይሄ ከአሥር ሁለት ነው እንዴ?»

«እኔ ከቁጥር ውጪ አልገባም» አልኳት። «ሁለት ግን ሁለት ነው።»

ፉአቲኖ የሎጎና ልጅ ናት። ሎጎና ወንዙ ዳር ያለውን ትልቁን ቤት የያዘው፣ ቁጡና ኩሩ የቤተሰብ አለቃ ነው። ከዚያ ቤት የመምህራን ኮሌጅ የገባ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም፤ ፉአቲኖ የመጀመሪያዋ እንደምትሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቷም ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ከኋላዋ በኩራት ሲራመድ ታዩታላችሁ።

ፈተናው አምስት ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የሆነው። ፔኒያሚና በዚያ ቀን አንድ አዲስ ሐሳብ መጣለት። «ዛሬ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሰው ከታንኳዎቹ ውስጥ ፈልጉልኝ» አላቸው። ልጆቹ በተራ ተነሱ። የአንዱ አያት አለቃ፣ የአንዷ አያት መሪ፣ የሌላው የአለቃው ወንድም ሆኑ።

ፔኒያሚና ሳቀ። «ሰባት ታንኳ፣ ሠላሳ አንድ አለቃ! ታዲያ ማን ቀዘፈ?» እኔም በግድግዳው ወዲህ ሳቅኩ። ከዚያ የፉአቲኖ ተራ ደረሰ።

«የኛ ሰው የሦስተኛዋ ታንኳ መሪ ነበር» አለች።

የወረቀት መገለጥ ሰማሁ፤ የአባቱን አሮጌ ደብተር ይዞ መጥቶ ነበር። «አይደለም፣ ፉአቲኖ» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ። «የናንተ ሰው ውኃ ጨላፊ ነበር። ሦስተኛዋ ታንኳ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ አግኝታ ነው ያነሳችው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ግማሽ ኮኮናት ቅርፊት ሰጡት፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ታንኳዋ ውስጥ የገባውን ውኃ እየጨለፈ ደፋ። እሱ ባይኖር ሦስተኛዋ ታንኳ አትደርስም ነበር! ይህ ከመሪ አይበልጥም? እስኪ ንገሩኝ፣ አይበልጥም?»

 ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ሳቀ።

እኔ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። እኛ ጋ የሌላውን ቤት የዘር ሐረግ በአደባባይ የሚናገር ሰው የለም። የእያንዳንዱ ቤት ትውልድ በዚያ ቤት ሰው አፍ ብቻ፣ በዚያው ቤት ጣራ ሥር ብቻ ይነገራል። የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ ያውቃል። የሸንጎው አፈ ጉባኤ የሁሉንም እያወቀ ይዘለዋል፤ ሥራው ግማሹ መዝለል ነው። ፔኒያሚና ያለው ነገር ደግሞ በኛ ቋንቋ ሲተረጎም «እናንተ ከባሕር የተለቀማችሁ ናችሁ፤ ወንዙ ዳር ያለው መሬት የናንተ አይደለም» ማለት ነው። የአፈ ጉባኤ ልጅ ሆኖ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ግን ክፍል ሲገባ ሽማግሌዎቹን ጭራሽ ይረሳቸዋል፤ ምላሱ እዚያ የሚፈታውም ለዚሁ ነው። ልጅቷን ያመሰገናት መስሎት ነበር።

በዚያች ደቂቃ ማድረግ የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ በሩን ዞሬ ገብቼ «ፔኒያሚና፣ ጠመኔ አለህ?» ማለት። በዚያ ሰበብ ወሬው ይቋረጥ ነበር፤ ማታ እሱ ቀስ ብሎ ሎጎና ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ ነገሩ ሠላሳ አንድ ልጆች አፍ ውስጥ ይቀር ነበር። ልጆችን ደግሞ ማስፈራራት ይቻላል። አልሄድኩም። ጠመኔዬን አንስቼ ማካፈል ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ጢም ብሎ ነበር። የወንድሜ ሚስት ቶአሳ ቦታ ስላጣች በአውቶቡሳችን ደንብ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችኝ።

«አፌን ባትነካኪው ይሻልሻል።»

«ሞቼልሻለሁ፣ ንገሪኝ!»

ነገርኳት። መንገር ብቻ መች በቃኝ፤ የፔኒያሚናን ድምፅ አስመስዬ፣ እንደሱ እጄን እያወራጨሁ፣ ደብተሩን እንዴት እንደገለጠ ሳይቀር። ሙዚቃው ስለሚጮኽ እኔም እጮኻለሁ። ሹፌሩ ካሴት ሊቀይር ሙዚቃውን ያጠፋው ልክ «የሎጎና ቅድመ አያት ውኃ ጨላፊ!» ስል ነው። አርባ ሰው ሰማ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ቶአሳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። ከአውቶቡሱ ስወርድ በኩራት ነበር የወረድኩት። የምሽቱ ጸሎት የዛጎል መለከት ሲነፋ ወሬው ሎጎና ቤት ደርሷል።

በማግስቱ ፉአቲኖ ክፍል ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ ግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ተቀምጧል። ልጆቹ በግራ በቀኝ ሆነው «ጨልፊ! ጨልፊ!» እያሉ በእግራቸው ወለሉን ይመታሉ። ልጅቷ ቅርፊቱን አነሳች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ወጣች። በኔ በር በኩል ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ሁለቱ ወንድሞቿ ገጀራ ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ሽማግሌዎች ለምነው መለሷቸው። ሎጎና «ያ ሰው ያለበትን ግቢ ልጄ አትረግጥም፤ ፈተናውንም አትቀመጥም» ብሎ ላከ። አንድ ሳምንት አለፈ።

ፔኒያሚና የመምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ሲኤኒ፣ ልጅቷን ገደልኳት።»

«ኧረ ተው፣ ምን ማለትህ ነው!»

«አምስት ሳምንት ሲቀራት! ምን ነካኝ? አባቴ ከመቃብር ቢነሱ በበትራቸው አናቴን ባሉኝ ነበር።» ከዚያ ጠየቀኝ። «በአንድ ቀን እንዴት መንደሩን ሁሉ አዳረሰ? ልጆቹ ይሆኑ?»

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ መለስኩለት። «ታዲያ ማን ይሆናል? ልጅ አፉ መቼ ያርፋል!»

ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነሽ» አለ፤ ጠመኔም ሳይጠይቀኝ ወጣ።

የሚሰግድ መሆኑን የሰማሁት ከቶአሳ ነው። ዳይሬክተሩ «ደብዳቤ ይበቃል» ብሎት ነበር፤ በትሩን የወረሰው የአጎቱ ልጅ «እኔ ሄጄ ልናገርልህ» ብሎት ነበር። እምቢ አለ። የእናቱን ምንጣፍ ከጣራው እንጨት አወረደ። ሠላሳ ዓመት ተጠቅልሎ የኖረ ምንጣፍ ነው፤ ለሹመቱ ቀን የተሠራ።

ሥርዓቱ የበደለው ሰው ወገኖች ከኋላው አብረው እንዲቀመጡ ይላል። ከትምህርት ቤቱ ስድስት ሰው እንሄዳለን ተባባሉ፤ እኔንም ጠየቁኝ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አልኩ።

ጉልበቴን አያመኝም ነበር። ምንጣፍ ሥር መግባት የነበረብኝ ግን ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነበር፤ ይህን ስለማውቅ ከኋላ መቀመጡን እንኳ ፈራሁ። ቢሆንም ቤቴ መቅረት አልቻልኩም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሎጎና ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር፣ ከተመልካቹ ጋር ቆምኩ።

ፔኒያሚና ቤቱ ደጃፍ ጠጠሩ ላይ በርከክ ብሎ ምንጣፉን ተከናንቧል። አጠገቡ ድንጋይ፣ ማገዶና ቅጠል አስቀምጧል፤ «ከፈለጋችሁ አርዳችሁ እንደ አሳማ ጥበሱኝ» ማለቱ ነው። የቤቱ የኮኮናት ቅጠል መጋረጃዎች በሙሉ ወርደዋል። ከውስጥ የትኩስ ካካዎ ሽታ ይወጣል፤ ሰው ነቅቷል ማለት ነው። መጋረጃው ግን አልተነሳም።

ፀሐይ ወጣች። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመሩ። በየቀኑ እየዘፈኑ ነበር የሚያልፉት፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ይቀበላቸው ነበር። እሱን ሲያዩ ዘፈኑ ተቆረጠ። ትንንሾቹ እየተሯሯጡ አለፉ። ትልልቆቹ፣ «ጨልፊ» ያሉት፣ መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ምንጣፉ ሥር ያለው ሰው ይህን ሁሉ ኮቴ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ያን ጊዜ የፉአቲኖ መልስ ትዝ አለኝና የምገባበት ጠፋኝ። እሱ ማን እያየው እንደሆነ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

ዝናብ መጣ። ያ ምንጣፍ ውኃ ሊነካው የማይገባ ነው። ራሰ፤ ተጣበቀበት፤ የትከሻው አጥንት ታየ። ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ሦስት ሰዓት ሆነ። የአጎቱ ልጅ በትሩን ይዞ ተነሳና ሊናገርለት ጉሮሮውን ጠረገ።

ከመጋረጃው ኋላ የሎጎና ድምፅ መጣ። «ተቀመጥ! በሰው አፍ እንዳትመጡብኝ። የኔን ቤት የተናገረው በራሱ አፍ ነው፤ አሁንም በራሱ አፍ ይናገር።»

ሁላችንም ምን እንደሚሆን አወቅን። ምንጣፉ ተንቀሳቀሰ።

«ይ... ይ... ይ...» አለ ፔኒያሚና።

ከተመልካቹ መሀል አንዳንዱ ሳቀ። እሱ ቀጠለ። «ይ... ይ...» ከዚያ በላይ አልሄደም። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን ያስዘመረ ምላስ አንድ «ይቅርታ» ማውጣት አቃተው። 

ሎጎና መጋረጃውን አንስቶ ወጣ። ቁመቱ የበሩን ያህል ነው። «ይሁን» አለ። «ይህን ተወው። አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ክፍል ውስጥ ያልከውን እዚያው ክፍል ውስጥ መቅበር ይቻል ነበር። አውቶቡሱ ላይ ያወጣው ማነው?»

ይህን ሲጠይቅ ምንጣፉን አላየም። ከምንጣፉ በላይ አሻግሮ የዳቦ ፍሬውን ዛፍ ነበር የሚያየው። እያወቀ ነው የጠየቀው። መንገድ ከፈተልኝ፤ አሥራ አምስት እርምጃ ብቻ። ጠጠሩን ተሻግሬ ከፔኒያሚና አጠገብ መቀመጥ፣ ሌላ ምንም የለም። አርባው የአውቶቡስ ሰው አብሮኝ ቆሟል። ቶአሳ ክንዴን ያዘች፤ ልትገፋኝ ይሁን ልታስቀረኝ እስከዛሬ አልጠየቅኳትም። እግሬ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ነኝ» አለ ፔኒያሚና።

አልተንተባተበም። ሁለቱም ቃላት ጥርት ብለው፣ እንደ አባቱ ድምፅ፣ መንገዱ ድረስ ተሰሙ። በሕይወቱ ሽማግሌ ፊት ሳይሰናከል የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑን እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድም ሰው ዞሮ አላየኝም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያልኩት ያኔ ነው። ቢሰድቡኝ፣ ድንጋይ ቢወረውሩብኝ፣ እሸከመው ነበር። እነሱ ግን እንደሌለሁ ቆጥረው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

 ሎጎና ወደ ቤቱ ዞሮ «ፉአቲኖ» ብሎ ተጣራ። «የተነካሽው አንቺ ነሽ። ማንሳቱም መተዉም ያንቺ ነው።»

ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ወጣች። ለካ ከማለዳው ጀምሮ ለብሳው ነበር። ጎንበስ አለችና የራሰውን ምንጣፍ በሁለት እጇ ከራሱ ላይ አነሳች። ፔኒያሚና ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«መምህር፣ ይነሱ እንጂ» አለችው። «ፈተናው ሦስት ሳምንት ተኩል ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ስድስተኛዋ ታንኳ ላይ ነው ያቆምኩት።»

ሎጎና ሳይወድ በግድ ሳቀ። ፔኒያሚናን ወደ ቤት አስገቡት፤ ካካዎና ጎደሬ በኮኮናት ወተት ቀረበለት። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ሄጄ ማካፈል አስተማርኩ። አንዱን ስሌት ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩና ልጆቹ አረሙኝ።

በማግስቱ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። «ፉአቲኖ፣ ያን ወረቀትሽን አምጪው» አላት። «ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት በስሕተት ሳርም ኖሬያለሁ። ፍርሃት ብላችሁ የጻፋችሁ ሁሉ ሰርዙት። እዚያ ሥር ስትቀመጡ ገጀራው ትዝ አይላችሁም።» ሁለቱን ሰርዞ አሥር ጻፈላት። ጎረምሶቹም ሳይጠየቁ ተነስተው ይቅርታ ጠየቋት፤ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልጠየቀ አልቀረም። ከግድግዳው ወዲህ ግን ያልጠየቀች አንዲት ነበረች።

ፉአቲኖ ፈተናውን አለፈች፤ ኮሌጅም ገባች። ከመሄዷ በፊት ስንብት ልትል ክፍሌ መጣች። ከቦርሳዋ ግማሹን የኮኮናት ቅርፊት አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ተጠርቦ፣ ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

«ይሄ ለርስዎ ነው፣ መምህርት።»

«ለኔ? ለምን?»

«መምህር ፔኒያሚና የራሳቸውን ጨልፈው ጨርሰዋል» አለች። ቁጣ የለባትም፤ በአክብሮት ዝቅ ብላ ነው የተናገረችው። «የቀረው የርስዎ ድርሻ ነው።»

እኔ ሞኟ «አመሰግናለሁ» አልኩ።  ያን ቀን የታሰረው ምላስ የኔ ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ጠመኔዬን በዚያ ቅርፊት ውስጥ አስቀመጥኩ። ፔኒያሚና ጠመኔ ሊበደር ሲመጣ ከዚያው ውስጥ ያነሳ ነበር። ቅርፊቱን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል፣ «አንድ ብቻ» ይላል። ስምንት ዓመት ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አላነሳብኝም። እኔም በየጠዋቱ ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ ተነሳሁ። አንድ ቀን አፌን ከፍቼ ጀመርኩ፤ «ፔኒያሚና፣ ያኔ አውቶቡሱ ላይ...» ስል እጁን አነሳ። «ሲኤኒ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል» አለኝና ሄደ። እፎይ አልኩ። እንዲያስቆመኝ ፈልጌ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አምና በዝናቡ ወር ሞተ። ለለቅሶ እንደ ልማዳችን ሁሉም ቤት ምንጣፍ ይዞ መጣ። እኔም ያለኝን አንዱን፣ እናቴ ያወረሰችኝን፣ ይዤ ሄድኩ። ሲነጋ ነበር የደረስኩት። ፉአቲኖ፣ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት የሱን ክፍል ይዛ የምታስተምረው፣ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ምንጣፌን ዘረጋሁት። ራሴ ላይ ልከናነበው ወደ ላይ አነሳሁት፤ እጄ እዚህ ድረስ፣ ግንባሬ ድረስ፣ ደርሶ ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል። የአርባው የአውቶቡስ ሰው ዓይን እኔ ላይ ነው።

ዝቅ አደረግኩትና እሱን አለበስኩት። ሰው ሁሉ «ምን ያማረ ምንጣፍ ነው» አለ። ከምንጣፉ ሥር ያለው አሁንም እሱ ነበር።